ኮቱን አምጡልኝ፦ የጦርነት መታሰቢያ ስትሠሩ የምትደጋግሟቸው ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ በባጃጅ ወደ ቆርቆሮ ቤቴ መጣ። ቤቴ ስል የሥራ ቦታዬን ነው፤ ሐውልት፣ የመቃብር ድንጋይ፣ አልፎ አልፎም የግድግዳ ሥዕል የምሠራባት፣ ክረምት ሲገባ ጣሪያዋ እንደ ከበሮ የሚደለቅ ቤት። የሰፈሩ እድር በጦርነቱ ላለቁት ልጆች መታሰቢያ ሊያሠራ አስቧል፤ ንድፉን የሠራው እሱ ነው። ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። ወታደር ነው። ቀኝ እጁ ክላሽ ወደ ሰማይ ቀስሯል፣ ግራ እጁ እርግብ ይዟል። ከኋላው የኢትዮጵያ ካርታ፣ ከካርታው ጀርባ የምትወጣ ፀሐይ፣ ከእግሩ ሥር ነጠላዋን አዘቅዝቃ የምታለቅስ እናት።

«ማነው ይሄ?» አልኩት።

«ጀግናው ነዋ፣ ጋሼ።»

«የማን ልጅ ነው?»

ዝም አለ።

ይህችን ንድፍ ስንት ጊዜ እንዳየኋት መቁጠር ትቻለሁ። የሚያመጧት ልጆች እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ ንድፏ ግን አንድ ናት፣ አንዳንዱ እርግቧን በችቦ ከመለወጡ በቀር። ስለዚህ ሸክላ ለሚያቦኩትም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግጥማቸውን ይዘው እኔ ዘንድ ለሚሰበሰቡትም አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ከጀግና መጀመር

ጀግና ፊት የለውም። «ጀግና» ብላችሁ ከጀመራችሁ እጃችሁ የለመደውን ይሠራል፦ ሰፊ ደረት፣ የተቋጠረ ግንባር፣ ሩቅ የሚያይ ዓይን። እንዴት አወቅህ ብትሉኝ፣ እኔ ራሴ ስንቱን እንዲህ አድርጌ ሠርቻለሁ።

የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 2015 ከተፈረመ በኋላ፣ መርዶ ከቤት ቤት ይዞር በነበረበት ሰሞን፣ አንዲት እናት ከገላን በኩል መጡ። ልጃቸው ሰሜን ቀርቷል፤ አስከሬን የለም። አባቱ ከተቀበሩበት ጎን እስከ ወገቡ የሆነ ሐውልት እንዲቆምለት ፈለጉ። የሰጡኝ አንዲት ጉርድ ፎቶ ናት፣ ጥጓ ላይ ማኅተም ያረፈባት። እኔም እንደ ባለሙያ አንገቱን አወፈርኩ፣ ደረቱን ነፋሁ፣ አገጩን ቀና አደረግኩ። ሸክላውን ስጨርስ ኑና ይዩት ብዬ ደወልኩላቸው።

ዞር ዞር እያሉ አዩት። ምንም አላሉም። ከያዙት ፌስታል ቡናማ ኮት አወጡና እርጥቡ ሸክላ ላይ ደረቡለት። ትከሻው እምቢ አለ። ጎተት ጎተት አድርገው ሊቆልፉት ሞከሩ፤ በቁልፉና በቀዳዳው መካከል አራት ጣት ቀረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እዚያ ሄዶ ወፍሮ ነበር እንዴ?» አሉኝ።

ለነገር አልነበረም የጠየቁኝ። የልጃቸውን የመጨረሻ ወራት የሚያውቅ ሰው የለም፤ እኔ የሠራሁት ሸክላ አንዳች ወሬ ያመጣላቸው መስሏቸው ነበር። በልቶ፣ ተመችቶት እንደነበር ብነግራቸው ደስ ይላቸው ነበር መሰለኝ። መልስ አልነበረኝም። ኮቱን ትተውልኝ እንዲሄዱ ለመንኳቸው።

ሦስት ሳምንት ምስማር ላይ ሰቅዬው ሠራሁ። ኮት ብዙ ያወራል። የቀኝ ኪሱ አፍ ወደ ታች ተለጥጧል፤ ስጠይቃቸው «እጁን ከኪሱ አያወጣም ነበር፣ ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ» አሉ። ትከሻው ጠባብ፣ ክንዱ ረጅም፣ የግራው ክርን በሌላ ጨርቅ የተጣፈ። አሁን ሐውልቱ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆሟል። የሰበካ ጉባኤው አንድ ሰውዬ «ወታደር እንዲህ ይቆማል?» ብለው ነበር። እናቲቱ ናቸው የመለሱላቸው፤ ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም፣ ሰውየው ግን ሁለተኛ አልጠየቁም።

ከዚያ ወዲህ ማንም ሲመጣ መጀመሪያ የምለው «ኮቱን አምጡልኝ» ነው። ኮት ከሌለ ጫማ። ጫማ ከሌለ ጋቢ። ልጆቹ ይህን እንደ እኔ ፈሊጥ ያወሩታል፤ ፈሊጡ ግን የአያቶቻችን ነው። አስከሬኑ ሳይመጣ የሚለቀስለት ሰው ልብሱ ይወጣል፣ ጠመንጃውና ጋሻው ይወጣል፣ ፈረሱ ተጭኖ ባዶውን ለቅሶው መሐል ይዞራል። አልቃሿ ሙሾዋን የምትመዝው ከዚያ ዕቃ ነው። ከዚህ የበለጠ የመታሰቢያ ጥበብ ማን አስተማረን?

ቴአትር ለምትጽፉት ደግሞ፦ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስለ አቡነ ጴጥሮስ ሲጽፍ የአምስቱን ዓመት ወረራ ሁሉ ልሸከም አላለም። ሐምሌ 22 ቀን 1928 የተረሸኑትን አንድ አባት ያዘ፣ አንዲት ሰዓት ያዘ። ርዕሱ ራሱ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ነው። እናንተ ግን ከአክሱም ጀምራችሁ በሦስተኛው ገቢር ማይጨው ለመድረስ ትሮጣላችሁ።

አጥንት መከስከስ

በቅዳሜው ስብሰባችን አንዲት የማርማላታ ጣሳ አለች። ግጥሙ ውስጥ «አጥንቱን ከስክሶ፣ ደሙን አፍስሶ» ያለ 10 ብር ይጥላል። «ውድ ሕይወቱን ሠውቶ» 5 ብር ነው። «የማይነጥፍ ታሪክ»ም እንደዚያው። ባለፈው ፋሲካ በዚያ ጣሳ ዶሮ ገዝተናል፤ ትልቅ ዶሮ።

ለምን ትቆጣለህ ይሉኛል። አጥንት የተከሰከሰበት ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ ይሰማልና! ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚመጡት አንዱ የቀድሞው ጦር አባል ናቸው፤ 1983 ላይ ጦሩ ሲበተን ከሰሜን በእግራቸው የገቡ፣ ዛሬ እዚሁ አቅራቢያ የኮንዶሚኒየም ዘበኛ የሆኑ። አንድ ልጅ ተነሥቶ «አጥንታችሁ ተከስክሶ ሀገር ቀና አለች» ብሎ ሲያነብ ሽማግሌው ግራ እግራቸውን አሻሹና «የኔ እንኳ ቁርጭምጭሚት ብቻ ነበር» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም። ቁርጭምጭሚታቸው እንዴት እንደተመታ፣ ማን በቃሬዛ እንደተሸከማቸው፣ ከተሸካሚዎቹ አንዱ መንገድ ላይ ወድቆ ቃሬዛው እንዴት እንዳዘነበለ ያን ቀን ነገሩን። ልጁ ደብተሩን ዘጋ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ በሳምንቱ ስለ ቃሬዛው አራት ስንኝ ይዞ መጣ፣ አንዲት የደም ጠብታ የሌለበት።

ከዚህ ስህተት ሥር ሌላ ስህተት አለ፤ ፉከራንና ሙሾን ማደባለቅ። ፉከራ የሚፎክረው ባለቤቱ ነው። በሕይወት አለ፤ «እኔ የእገሌ ልጅ» ይላል፣ የፈረስ ስሙን ይጠራል፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ እንደሚባሉት። ሙሾ የምታወርደው ሌላ ናት፤ የምታናግረውም የሞተውን ነው፣ «አንተ» ብላ። ስለ በሬው፣ ስለ ደጃፉ፣ ስለሚጠብቁት ልጆቹ ትነግረዋለች። እናንተ የሞተውን ሰው ቦታ ይዛችሁ ትፎክራላችሁ። ሰውየው ፈርቶ እንደሆነስ? ወደ ቤቱ መመለስ ፈልጎ እንደሆነስ? እሱ ባልፎከረው አንተ ምን አግብቶህ ትፎክርለታለህ?

ቁጥብነትን መማር ከፈለጋችሁ ስለ ፊታውራሪ ገበየሁ የቀረችውን ስንኝ አስታውሱ፦ «ገበየሁ ቢሞት ተተካ ባልቻ»። ዓድዋ ላይ የወደቀው የጦር መሪ ሞት በሁለት ቃል አለቀ፤ ከዚያ መድፉን ማን እንደተረከበ ነው የምትነግረን። ሕዝቡ ከመቶ ዓመት በላይ በቃሉ የያዛት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ወሩ ከእኛ፣ ዓመቱ ከፈረንጅ

አንድ ተማሪዬ ጥቁር ድንጋይ ላይ «የካቲት 12 ቀን 1937 ዓ.ም.» ብሎ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ጠርቦ፣ እጁ ውኃ ቋጥሮ ጠበቀኝ። ከኢንተርኔት ነው የወሰደው። የግራዚያኒ ጭፍጨፋ የካቲት 12 ቀን 1929 ነው፤ ፈረንጅ ነው ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937 የሚለው። በእኛ 1937 ማለት እኮ አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነፃ ከወጣች አራት ዓመት ሆኗታል! ድንጋዩን ገልብጠን በጀርባው ጻፍን። ዛሬም ወደ ግድግዳው የዞረው ፊቱ ስህተቱን ይዞ ቆሟል።

ዓድዋ ላይ ደግሞ የአንድ ቀን ጣጣ አለ። የካቲት 23 ቀን 1888 በፈረንጅ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር፤ ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። ማንም አልተሳሳተም። እ.ኤ.አ. 1900 ላይ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪን 29 አላደረጉም፤ እኛ ግን በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ማድረጋችንን አልተውንም፣ ስለዚህ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ። ድንጋይ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር የምትጽፉ ከሆነ ይህን እወቁ፣ ወይም እንደ እኔ የእኛን ብቻ ጻፉ።

ማይጨው ላይ ክላሽ የለም

የለም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ነው የማይጨው ጦርነት፤ ክላሽንኮቭ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1947። ዓድዋ ላይማ አይነሣ። የምኒልክ ጦር ከያዛቸው አንዱ ውጅግራ ነው፣ ስሙ ከፈረንሳዩ የግራስ ጠመንጃ የመጣ። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የዘመተው የአሜሪካ ልብስና ብረት ቆብ ለብሶ ነው፤ ጎፈሬና የአንበሳ ለምድ አታልብሱት። ከሥዕሉ ፊት የሚቆመው የዘማች ልጅ አባቱ የለበሰውን ከፎቶ ያውቀዋል።

አንድ ዓይን

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

የባህል ሥዕላችንን የምታውቁት ታውቃላችሁ፦ ቅዱሳን ሙሉ ፊታቸው ይታያል፣ ሁለት ዓይን አላቸው፤ ሰይጣንና ይሁዳ በጎን ይሳላሉ፣ አንድ ዓይን ብቻ። የዓድዋ ሥዕሎችም ይህንኑ ወረሱ። በላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፣ በአንድ ወገን የእኛ ሰዎች ሁለት ሁለት ዓይን ይዘው፣ በሌላው ወገን ጣሊያን በጎን፣ አንድ ዓይን ይዞ። ደስ የሚል ሕግ ነው፤ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ማንበብ ለማይችለው ሁሉ በአንድ እይታ ይነግራል። እኔም ለቱሪስት ብዙ አቡጀዲ ላይ ስዬ የቤት ኪራይ ከፍዬበታለሁ።

ስህተቱ የሚመጣው ይህን ሕግ እንዳለ አንሥታችሁ ጥቅምት 2013 ለጀመረው ጦርነት ስትጠቀሙበት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ልጅ ትልቅ ሸራ ይዞልኝ መጣ። ብሩሹ የተባረከ ነው፣ ቀለም ያውቃል። በግራ በኩል አንድ ጦር፣ በቀኝ በኩል ሌላ ጦር፤ የቀኙ ሁሉ አንድ ዓይና። ዝም ብዬ አየሁት። ከዚያ «እዚህ ቀኝ በኩል ካሉት አንዱን ስም ጥራልኝ» አልኩት። ሳቀ። «ጥራልኝ እንጂ» አልኩት። ዘጠነኛ ክፍል አብሮት አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠ ልጅ ስም ጠራ፤ ቤተሰቦቹ አቃቂ ነው የሚኖሩት፣ እሱ የት እንዳለ አይታወቅም።

ሥዕሉን አልቀደደውም፣ እኔም ቅደድ አላልኩትም። የሁሉንም ፊት አዙርና ሁለት ዓይን ስጣቸው ማለትም አልፈለግኩም፤ የተገደለበት ሰው የገደለበትን ሁለት ዓይን የመስጠት ግዴታ የለበትም፣ በተለይ ቁስሉ ሳይሽር። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያንን ልጅ ፈልጎ እንዲያስቀምጠው፣ የት ወገን እንደሚያስቀምጠውም ራሱ እንዲወስን። እስካሁን አልጨረሰውም። ሸራው በሥራ ቦታዬ ጥግ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኖ ቆሟል። አንዳንዴ ቅዳሜ ገልጦ ያየውና መልሶ ይሸፍነዋል። ይህን እንደ ስንፍና የሚቆጥር ካለ አብረን አንሠራም።

መቸኮል

ሲሚንቶ ሙሉ ጥንካሬውን ለመያዝ 28 ቀን ይፈልጋል። አንድ መሥሪያ ቤት ለበዓል በ20 ቀን ሐውልት አድርስልን አለኝ፤ ገንዘቡ አስፈልጎኝ እሺ አልኩ። ፌሮውን አቁሜ፣ ሲሚንቶውን በላዩ ስስ አድርጌ ለብጬ፣ የነሐስ ቀለም ቀብቼ አስረከብኩ። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። ክረምት ገባ። ነሐሴ ላይ ስልክ ተደወለልኝ፦ «ሐውልቱ ደም እያለቀሰ ነው!» ስሄድ ሰው ተሰብስቧል፣ ሻማ ያበራም አለ። ከወታደሩ ደረት ቀይ ቡናማ ውኃ እየተንጠባጠበ ወርዷል።

ዝገት ነው። ውኃ በስሱ ሲሚንቶ ገብቶ ፌሮውን በልቶታል። ብረት ላይ ቢያንስ ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲሚንቶ መልበስ እንዳለበት እያወቅኩ አንድ ሴንቲ ነበር ያለበስኩት። ለተሰበሰበው ሰው መናገር ነበረብኝ፤ ተናገርኩ። ሻማ ያበሩት ሴትዮ የተመለከቱኝ አመለካከት እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የእጅ ችኮላው ይህ ነው። የልብ ችኮላም አለ። ጀርመናዊቷ ኬቴ ኮልቪትዝ፣ የሥነ ጥበብ ተማሪ ሁሉ የኅትመት ሥራዎቿን የሚያውቃት፣ ልጇ ፔተር በጥቅምት 1914 እ.ኤ.አ. ቤልጂየም ግንባር ሞተባት። መታሰቢያውን ጨርሳ መቃብሩ ዘንድ ያቆመችው በ1932 ነው። አሥራ ስምንት ዓመት። መጀመሪያ የሞተውን ልጅ ራሱን ልትቀርጽ አስባ ነበር፤ ተወችው። የቆሙት ሁለት የተንበረከኩ ወላጆች ናቸው፣ አባትና እናት፣ የራሷና የባሏ መልክ። እኛ ሀገር ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ዘምተው፣ ተማርከው ጣሊያን ሀገር ታስረው ነበር፤ የዚያን ዘመን ትዝታቸውን በመጽሐፍ ያወጡት በስተርጅና ነው።

ቶሎ መጻፍ አይቻልም ማለቴ ነው? አይደለም። በዓሉ ግርማ የ1974ቱን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በ1975 «ኦሮማይ» አድርጎ አወጣው። ከውስጥ ያየውን ነው የጻፈው፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱም የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ለመቸኮል ያን ያህል የሚያጣድፍ ነገር ያለው ሰው ይቸኩል። የበዓል ቀን ደረሰ ብሎ ግን አይሆንም።

«ምን ተሰማዎት?»

ዘማች ስታገኙ ይህን አትጠይቁ። ምን ይበልላችሁ? «ኮቾሮ በውኃ ነበር የምትበሉት በሻይ?» ብላችሁ ስለዚያ ደረቅ የወታደር ብስኩት ጠይቁ። ያኔ የቀድሞው ወታደር ፊቱ ይፈታል፤ ኮቾሮው ጥርስ እንደሚሰብር፣ ማን ጉንጩ ውስጥ ይዞ እንደሚያሟሟው፣ የማን ድርሻ ለማን እንደተረፈ ያወራችኋል። ለማን እንደተረፈ ሲናገር ታሪኩ መጣ ማለት ነው፤ ድርሻው የተረፈው ሰው ያን ቀን አልበላምና። እዚያ ላይ ዝም በሉ። ስልክ ቅጂ ላይ ከማድረጋችሁ በፊት አስፈቅዱ። ጡረታ እናስጨርስልዎታለን፣ ቴሌቪዥን ላይ እናቀርብዎታለን እያላችሁ የማትችሉትን ቃል አትግቡ፤ ከእናንተ በፊት የመጡት ገብተው ሄደዋል።

ሲናገሩ ቢያለቅሱ ፎቶ አታንሡ። ይህን መጻፍ ማስፈለጉ ራሱ ያናድደኛል።

የቀሩት፣ በየመንገዱ

ስም። የሟቾችን ዝርዝር ከቢሮ የመጣ ወረቀት ላይ ብቻ አትገልብጡ፤ የእድሩን መዝገብ እዩ፣ ቤት ለቤት ሂዱ። «ኃይሉ»ን በሀሌታው «ሀይሉ» ብዬ ጠርቤ አባትየው በጣታቸው ፊደሉን እየዳበሱ «ይሄ የኔ ልጅ አይደለም» ብለውኛል። ለእናንተ ያው ድምፅ ነው።

ሴቶች። ከሐውልቱ ሥር ካለቀሰችው እናት በቀር ሴት አታውቁም? እቴጌ ጣይቱ መቀሌ ላይ የጣሊያኑን ምሽግ ውኃ ያስያዙ የጦር መሪ ናቸው። ስንቅ የተሸከሙት፣ ቁስለኛ ያነሡት ስም የላቸውም፤ ፈልጉ።

ከፍታ። ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልት ሂዱና እዩ፣ ሁለት ዩጎዝላቪያውያን ቀራጮች ናቸው የሠሩት። ሽቅብ አንጋጣችሁ ዓምዱን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ ከታች ያሉትን የነሐስ ቅርጾች ዙሩ። ሰው የሚቆመው እዚያ ነው፣ ፊት ከፊት የሚገናኝበት ቦታ። እናንተ ግን ኮሚቴ ሲጠይቃችሁ ሁልጊዜ ሜትር ትጨምራላችሁ።

ቦታ። ሐውልት የሚያርፍበት መሬት ራሱ ይናገራል፣ አንዳንዴም ይረሳል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ስልሳ ባለ ሥልጣናት የተረሸኑበት የዓለም በቃኝ እስር ቤት የነበረበት መሬት ላይ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። በ1983 የጥይት መጋዘን ፈንድቶ ኬንያዊው የፊልም ባለሙያ መሐመድ አሚን ክንዱን ያጣው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ የሞቱትን የሚያስታውስ ምን አለ? በየዳር ሰፈሩ እንዲህ ያለ ቦታ አለ። መኪና በሚሽከረከርበት፣ እግረኛ በማይደርስበት አደባባይ መሐል ከማቆማችሁ በፊት ሽማግሌ ጠይቁ።

ይቆማል ብሎ መመካት። የምኒልክን ሐውልት ጣሊያን ነቅሎ ቀብሮት ነበር፣ ከነፃነት በኋላ ነው የተመለሰው። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለባቡር መንገድ ተነሥቶ ዓመታት ቆይቶ ተመልሷል። ስለዚህ ሲነሣ የማይሰበር አድርጋችሁ ሥሩት። ማንሻ ቀለበቱን ከውስጥ አስገቡለት፤ ያን ጊዜ እናንተ አትኖሩም።

ቀብድ። ግማሹን ሳትቀበሉ ሸክላ አታቡኩ። ኮሚቴ ይለወጣል፣ ሊቀመንበር ይነሣል፣ የሟች እናት ግን ደጃችሁ ላይ ይመላለሳሉ።

ባንዲራው የትኛው ይሁን ለምትሉኝ፦ ስለ ባንዲራ አልጽፍም። ቅዳሜ ኑና በቃል እንጨቃጨቅ።

ያ ንድፍ ያመጣው ልጅ ሳይሄድ ቡና አፈላሁለት። የማን ልጅ ነው ብዬ የጠየቅኩትን ሲያመነዥከው ቆይቶ፣ ሁለተኛው ስኒ ላይ «አጎቴም እዚያ ቀርቷል» አለኝ። ንድፉ ውስጥ አለ ወይ አልኩት። የለም። ቁመቱ ስንት ነበር? አያውቅም። ለእናቱ ደወለ፣ ድምፁን ከፍቶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገው። «እማ፣ አጎቴ ቁመቱ ስንት ነበር?» ረጅም ዝምታ። የጀበና ክዳን ስትገጥም ይሰማል። «እኔ ምን ለክቼው አውቃለሁ፣ ልጄ። በእኛ በር ሲገባ ጎንበስ ይል ነበር።»

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ በሩን ሄደን ለካነው። 1 ሜትር ከ78 ነው። የመሃል ብረቱን 1 ሜትር ከ83 ላይ ቆርጠን ሸክላ ማቡካት ጀምረናል።